ጅፋር፦ የፈረስ ስም፣ የንጉሥ ስም፣ የልጅ ስም

ጥቅምት 25 ቀን 1994 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ማራቶን አንድ ኢትዮጵያዊ ሁሉንም ቀድሞ ገባ። ሰዓቱ 2 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ከ43 ሴኮንድ ነበር፤ በዚያ ጎዳና እስከዚያ ቀን እንዲህ የፈጠነ ሯጭ አልነበረም። ክብረ ወሰኑ አሥር ዓመት ቆይቶ በ2004 ዓ.ም. ተሰበረ። አሸናፊው የአምቦው ልጅ ተስፋዬ ጅፋር ነው። ፈረንጆች ሰውን በመጨረሻ ስሙ ስለሚጠሩ የውጭ ጋዜጦች የጻፉት ስለ «ጅፋር» ነበር። ዜናውን ካነበቡት ውስጥ ስንቱ ይህ ስም በጊቤ ምድር የፈረስ ስም እንደነበረ ያውቅ ይሆን?

ጅፋር ዛሬም ለወንድ ልጅ በብዛት የሚወጣ ስም አይደለም። በአንድ ክፍል ውስጥ ሦስት መሐመድና አራት አብዱ ሊገኙ ይችላሉ፤ ጅፋር ግን ብዙ ጊዜ አንድም አይኖርም። ስሙን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ደግሞ ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። ቤተ መንግሥት ይጠራበታል፣ የእግር ኳስ ክለብ ይጠራበታል፣ አንድ አገር በሙሉ ሲጠራበት ኖሯል። አገር ሁሉ የሚያውቀው ስም በልጆች ላይ እንዲህ የሚያንስበት ምክንያት አለው። ምክንያቱን ለማግኘት የጅማ ነገሥታት መቀመጫ ወደነበረው ወደ ጅሬን ኮረብታ መውጣት ያስፈልጋል። ከዚህ በታች ያሉት ዘመናት፣ ዓ.ም. የሚል ካልተጻፈባቸው በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ በጊቤ ወንዝ ዙሪያ አምስት የኦሮሞ መንግሥታት ተነሡ፤ ሊሙ እናርያ፣ ጎማ፣ ጉማ፣ ጌራና ጅማ። የአምስቱን ነገሥታት ዝርዝር ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ሰው ሁሉም «አባ» መሆናቸው ያስገርመዋል። በሊሙ አባ ጎሞል፣ አባ ቦጊቦና አባ ቡልጉ ነገሡ። በጌራ አባ መጋል፣ በጉማ አባ ጆቢር ነበሩ። በጅማ ደግሞ አባ ጅፋር፣ አባ ሬቡ፣ አባ ቦቃ፣ አባ ጎሞል፣ እንደገና አባ ጅፋር፣ በመጨረሻም አባ ጆቢር ተከታተሉ። ገዳም ያለ የሚመስለው አንባቢ አይጠፋም። እዚህ ግን «አባ» ባለቤት ማለት ነው፤ ተከትሎት የሚመጣው የጦር ፈረሱ ስም ነው። አባ ጅፋር የጅፋር ጌታ፣ ጅፋር የሚባለውን ፈረስ የሚጋልበው ሰው ማለት ነው።

እነዚህ ሰዎች ሲወለዱ የወጣላቸው ሌላ ስም ነበራቸው። የሊሙው አባ ጎሞል ቦፎ ይባል ነበር። ልጁ አባ ቦጊቦ ደግሞ ኢብሳ ነበር፤ ከ1825 እስከ 1861 ነግሦ ሰቃን የነጋዴ መናኸሪያ ያደረጋት፣ በ1843 ፈረንሳዊው ተጓዥ አንቷን ዳባዲ አገሩ ድረስ የመጣበት ኢብሳ። የጅማ መንግሥት መሥራች የሆነውና በ1830 ገደማ እስልምናን የተቀበለው የመጀመሪያው አባ ጅፋር እናቱ ያወጣችለት ስም ሳና ነው። ኢብሳን፣ ቦፎንና ሳናን ዛሬ የሚያውቃቸው የታሪክ መጻሕፍት አንባቢ ብቻ ነው። ሕዝቡ ያስቀረው በፈረስ ጀርባ የተገኘውን ስም ነው።

በቅሎ ለመንገድ፣ ፈረስ ለጦር ነበር። ትልቅ ሰው ረጅም መንገድ ሲሄድ በሠጋር በቅሎ ይቀመጣል፤ ፈረሱ ከጎኑ እየተሳበ ይሄድና ጦር ሜዳ ሲደርስ ይጫናል። ስለዚህ ስሙ በፉከራ የሚነሣው፣ ባለቤቱም በፈረሱ ስም የሚወደሰው በውጊያ ቀን ነው። የልደት ስም ቤተሰብ የሰጠው ነው። የፈረስ ስም ግን ሰው አድጎ፣ ፈረስ ይዞ፣ በሰው ፊት ሥራ ሠርቶ የሚጠራበት ነው። እናት ልጇን ሳና ማለት ትችላለች፤ አባ ጅፋር ልትለው ግን አትችልም፤ ያን ስም የሚሰጠው ጦር ሜዳና አደባባይ ነው። ስሙ ለሕፃን ያልወጣበት የመጀመሪያው ምክንያት ይህ ነው፤ ከባዱም ይኸው ነው።

ልማዱ የጊቤ ብቻ እንዳልነበረ የሰሜኑና የሸዋው ታሪክ ይመሰክራል። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ አባ ጠቅል ተብለዋል። ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ ናቸው። በ1951 ወደ ኮሪያ የዘመተው ሻለቃ ቃኘው የተባለው በራስ መኰንን ፈረስ ስም ነው፤ ፈረሱ ከሞተ ከብዙ ዘመን በኋላ ስሙ ባሕር ተሻገረ። ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል የፈረስ ስሞችን በብዛት ሰብስበው በ1969 በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ሰፊ ጥናት አሳትመዋል። ያ ጥናት ባይኖር ኖሮ ከእነዚህ ስሞች ብዙዎቹ ዛሬ አይገኙም ነበር።

ይሁን እንጂ በሰሜንና በጊቤ መካከል አንድ ልዩነት አለ። ምኒልክን አባ ዳኘው የሚላቸው አወዳሹ ነው፤ በማኅተማቸውና በታሪክ መጽሐፍ ግን ምኒልክ ናቸው። የፈረስ ስማቸው ከዋናው ስም ጎን የሚቆም ጌጥ ነበር። በጊቤ የፈረስ ስም ዋናውን ስም ሙሉ በሙሉ ተካ። ንጉሡ በእርሱ ተጠራ፣ ልጁ «የአባ እገሌ ልጅ» ተባለበት፣ አገሩም ተጠራበት።

አገሩ ተጠራበት ሲባል በቃሉ ነው። ጅማ የሚባለው የኦሮሞ ጎሣ ስም ብዙ ቦታ አለ፤ በወለጋ በኩል ጅማ አርጆ፣ ጅማ ራሬ፣ ጅማ ገነቲ፣ ጅማ ሆሮ ይገኛሉ። የቡናው ጅማ በፊት ጅማ ካካ ይባል ነበር። ሁለት አባ ጅፋሮች ከነገሡበት በኋላ ግን ጅማ አባ ጅፋር ሆነ። አሜሪካዊው የሰው ልጅ ባህል ተመራማሪ ኸርበርት ሉዊስ በ1960ዎቹ ስለዚህ መንግሥት መጽሐፍ ሲጽፍ በርዕሱ ላይ ያስቀመጠው ይህንኑ ስም ነው። አንድ ፈረስ ለአንድ አገር ስሙን ሲሰጥ በሌላ ቦታ ማግኘት ቀላል አይደለም።

ስሙን ያተመው ሁለተኛው አባ ጅፋር ነው። በ1878 ገና ወጣት ሳለ ነግሦ እስከ 1932 ድረስ 54 ዓመት ገዛ። የአባ ጎሞል ልጅና የአባ ቦቃ የልጅ ልጅ ሲሆን አባ ቦቃ የመጀመሪያው አባ ጅፋር ወንድም ነበር፤ ስለዚህ ስሙን የወረሰው ከአያቱ ወንድም ነው። እናቱ ገኔ ጉሚቲ ብርቱ ሴት ነበረች፤ በአገሩ ፖለቲካ ላይ የነበራት ድርሻ በታሪክ ተመዝግቧል። የእርሷም ስም የራሱ ታሪክ አለው። ጉሚቲ ማለት ከጉማ የመጣች ማለት ነው። ከሊሙ የተጋባችው የአባ ጅፋር ሚስት ሊሚቲ ተባለች፤ ከካፋ የመጣችው ደግሞ ምንጆ፣ በካፋ ነገሥታት ዘር ስም። ወንዱ በፈረሱ ሲጠራ ሴቷ በትውልድ አገሯ ትጠራለች። የንግሥቶቹ የልደት ስም ከባሎቻቸው የልደት ስም በበለጠ ጠፍቷል፤ ይህ ሊያስቆጨን ይገባል።

ምኒልክ ወደ ደቡብ ምዕራብ ሲዘልቁ ሁለተኛው አባ ጅፋር ግብር እየከፈለ በአገሩ መንበር እንዲቆይ ተስማማ። ጎረቤቶቹ አንድ በአንድ ሲወድቁ ጅማ ራሷን እያስተዳደረች ቆየች። ከጅሬን በታች የሚቆመው የሂርማታ ገበያ ዝነኛ ነበር፤ የቡና፣ የዝባድ፣ የዝሆን ጥርስ ነጋዴ ይገናኝበታል፤ በሰው የሚነግድም ነበር። ከምጽዋ እስከ ካፋ የሚመላለስ ነጋዴ ሁሉ «አባ ጅፋር አገር» እያለ ሄደ። ስሙን ያሰራጨው ጦርነት ብቻ እንዳልነበረ ማስታወስ ይገባል። የነጋዴ ምላስ ከፈረስ ይበልጥ ይሮጣል።

እንዲህ ያለ ዝነኛ ስም ታዲያ በልጆች ላይ ለምን አልበዛም?

ከላይ ከተነሣው ሌላ ሁለተኛ ምክንያት አለ፤ እርሱም ሃይማኖት ነው። ጅማ ከነገሥታቱ ጋር ሰለመች፤ ከዚያም የእስልምና ትምህርት ማዕከል ሆነች። ልጅ በተወለደ በሰባተኛው ቀን ስም ሲወጣለት ቤተሰቡ ወደ ነቢዩና ወደ ሰሓባዎቹ ስሞች ያዘነብላል። የሱፊ መንገዶችም የስም ምንጭ ሆኑ። በአልጄሪያ ተወልዶ በ1815 ያረፈው ሼህ አሕመድ አል ቲጃኒ ጅማን አይቷት አያውቅም፤ ተከታዮቹ መንገዱን ወደዚህ ስላደረሱት ግን ቲጃኒ የጅማና የአጋሮ ልጅ ስም ሆኖ ቀረ። ከአልጄሪያ የመጣው ስም በልጆች ላይ ሲበዛ ከጅሬን የተነሣው አነሰ።

በዚህ ላይ ለጅፋር ቅርብ ድምፅ ያለው የዐረብኛ ስም አለ፤ ጀዕፈር። የነቢዩ አጎት ልጅ ጀዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብ በ615 ገደማ ከመካ ወደ ሐበሻ የተሰደዱትን ሙስሊሞች ወክሎ በአክሱሙ ንጉሥ ፊት ቆሞ የተናገረው ነው። ለኢትዮጵያ ሙስሊም ከዚህ የቀረበ ታሪክ ያለው ስም ጥቂት ነው። ልጁን በዚያ ድምፅ ለመጥራት የፈለገ አባት ጀዕፈርን ቢመርጥ ማን ይወቅሰዋል? በጽሕፈት ላይ ሁለቱ ሲቀራረቡ የትኛው የሰሓባው፣ የትኛው የፈረሱ እንደሆነ የሚያውቀው ስሙን ያወጣው ቤተሰብ ብቻ ነው።

ሦስተኛው ምክንያት ብዕርና ወረቀት ነው። የግብር መዝገብ፣ ትምህርት ቤት፣ ፍርድ ቤት ሲመጡ ሰው ሁሉ ስምና የአባት ስም እንዲኖረው ተፈለገ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ሰው የግል ስም፣ የአባት ስምና የቤተሰብ ስም እንዲኖረው ደነገገ፤ ለፈረስ ስም ቦታ አላስቀመጠም። በጅማ አካባቢ ይህ ያልታሰበ ውጤት አመጣ። ሕይወቱን ሁሉ አባ እገሌ ሲባል የኖረ ሰው ልጁን ትምህርት ቤት ሲያስመዘግብ የአባት ስም ሆኖ የተጻፈው የፈረስ ስሙ ሆነ። ዛሬም በጅማ፣ በአጋሮ፣ በሊሙ ገነት መዝገቦች አባ ፊጣ፣ አባ ዲጋ፣ አባ ራያ፣ አባ መጫ የሚሉ የአባትና የአያት ስሞች ይነበባሉ። አዲስ አበባ ያለ ጸሐፊ እነዚህን ሲያገኝ «አባ»ውን ከቀጣዩ ቃል ነጥሎ አንዱን የአባት፣ ሌላውን የአያት ስም ሊያደርገው ይችላል፤ የካህን ማዕረግ መስሎት ሊተወውም ይችላል። እንዲህ የተከፋፈለ ስም ያለው ሰው ውርስ ለመጠየቅ ወይም ፓስፖርት ለማውጣት ሲሄድ ችግሩ ቀላል አይደለም። የመዝገብ ሠራተኞች ይህን የአገር ልማድ ሊማሩት ይገባል፤ የአንድ ሰዓት ትምህርት ይበቃዋል።

ስሙ በመዝገብ ላይ ሲረጋ ፈረሱ ከሥር ጠፋ። የጦር ፈረስ ያለው ትውልድ ካለፈ በኋላ አዲስ የፈረስ ስም የሚያገኝ ሰው አልኖረም። የቀረው ለልጅ ማውረስ ነው፤ ልጅ ደግሞ «አባ» ሊባል አይችልምና «አባ»ው ተነሥቶ ጅፋር ብቻ ቀረ። የልጅ ስም የሆነው ጅፋር ጌታው የወረደለት ፈረስ ነው ቢባል ይስማማዋል። በጅማ ብቻ እንዳልቀረም የአምቦው ሯጭ አባት ስም ያሳያል።

የወንድ ልጅ ስም ዘመኑን ይዞ መምጣቱ በጅማ ዙሪያ አዲስ ነገር አይደለም። ከአጋሮ ብዙም በማትርቀው የጎማ ቡና አገር፣ በሻሻ፣ በ1976 የተወለደ አንድ ልጅ በሕፃንነቱ አብዮት ተብሎ ይጠራ ነበር፤ በኋላ ዐቢይ አሕመድ ሆኖ በ2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። ደርግ ሥልጣን በያዘ ማግስት አብዮት የሚለው ስም በየቦታው ለሕፃናት ሲወጣ ነበር። የስሙ ዕድሜ ግን እንደ ዘመኑ አጠረ፤ ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ልጁን አብዮት የሚል ወላጅ ብርቅ ነው። ጅፋር ከዚህ ይለያል። አንድ ጊዜ ገንፍሎ አልቀዘቀዘም፤ ከመቶ ዓመት በላይ በጥቂት ሰዎች ላይ እየተያዘ ዘለቀ።

አባ የሚለው ልማድ ራሱ ከሰው ወጥቶ ወደ ሌላ ነገር ተሻግሯል። ከጅማ ከተማ ወጣ ብሎ መልኮ ላይ የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል አለ፤ የተመሠረተው በ1967 ነው። የቡናን ፍሬ የሚያደርቀው በሽታ በ1971 ኢትዮጵያ ውስጥ ከታየ በኋላ ተመራማሪዎቹ በሽታውን የሚቋቋሙ ዛፎችን ከጫካ ለይተው አወጡ። ለእነዚህ የሰጧቸው ስም ቁጥር ነበር፤ 741፣ 74110፣ 74112 እያሉ። 74 የተመረጡበት ዓመት ነው። ገበሬውም በቁጥራቸው ይጠራቸዋል። በ1998 ግን ማዕከሉ ከሁለት ወላጆች የተዳቀለ አዲስ ዝርያ ሲያወጣ ቁጥሩን ተወና አባ ቡና አለው። ለአንድ የቡና ችግኝ የፈረስ ጌታ ስም መስጠት የሚታሰበው በጅማ ብቻ ነው። የሚያምር ስም ነው፤ ለቡና ከወጡት ስሞች ሁሉ የተሻለም ነው።

ኳሱም ተከተለ። ጅማ አባ ቡና የሚባለው ክለብ በ2009 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ተጫውቶ ወረደ። በቀጣዩ ዓመት የገባው ሌላው የከተማው ክለብ፣ ቀድሞ ጅማ ከተማ ይባል የነበረው፣ ጅማ አባ ጅፋር በሚል ስም ገባ። በመጀመሪያ ዓመቱ፣ በ2010 ዓ.ም.፣ የሊጉን ዋንጫ በላ። ከዚያም በአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ የግብፁን አል አህሊን ለመግጠም በቃ። ካይሮ ያለ ተመልካች አባ ጅፋር የሚለውን ስም በቴሌቪዥን ጽሑፍ ላይ ያነበበው በዚህ ምክንያት ነው። ከዚያ በኋላ ክለቡ ከፍታውን ይዞ ባይቆይም ዋንጫው ስሙን ለወጣቱ መልሶ አደሰው። የንጉሡን ታሪክ ያላነበበ የአሥር ዓመት ልጅ ስሙን ከስታዲየም ያውቀዋል።

ስሙ ከልጆች ይልቅ በነገር ላይ መውጣቱ በሌሎቹም የ«አባ» ስሞች ይታያል። አባ ዱላ የጦር መሪ ማዕረግ ነው፤ የመጨረሻው የጅማ ንጉሥ የአባ ጆቢር አባት ስምም እርሱ ነበር። ዛሬ አዲስ አበባ መንገድ ላይ «አባዱላ» ሲባል ሰው የሚያስበው ጣሪያው ከፍ ያለውን ቶዮታ ሚኒባስ ነው።

ይህን ርዕስ በጥናት ለመያዝ የሚያስችል ቦታ ቅርብ ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ የግብርና ኮሌጁ ከ1952፣ የጤና ሳይንስ ተቋሙ ከ1983 ጀምሮ ሠርተው በ1999 በመዋሐዳቸው የተመሠረተ ነው፤ የታሪክ፣ የቋንቋና የሕግ ተማሪዎች አሉት። ማኅተመ ሥላሴ በጊዜያቸው የሰበሰቡት በአብዛኛው የመኳንንትን የፈረስ ስም ነው። የቡና ገበሬውና የነጋዴው ፈረስ ስም ገና አልተሰበሰበም፤ የሚገኘውም በአዛውንቶች አፍ ላይ ነው። በሰቃ፣ በጎማ፣ በማና፣ በሰቃ ጨቆርሳ፣ በጌራ ያሉ ቤተሰቦች የአያታቸውን የፈረስ ስም ቢጠየቁ አብዛኛዎቹ ይመልሳሉ። የሚጠየቀው ጥያቄም አጭር ነው፤ ፈረሱ ማን ይባል ነበር፣ መልኩ ምን ነበር፣ ስሙን ማን አወጣለት፣ ባለቤቱ ከዚያ በፊት ምን ይባል ነበር፣ ከልጆቹ ስሙን የወረሰው የትኛው ነው። ከሴት አያቶች ደግሞ የትውልድ ስማቸውንና ሲያገቡ የተሰጣቸውን ስም መጠየቅ ይገባል፤ የጉሚቲንና የሊሚቲን የልደት ስም ሳይጽፍ ያለፈው ዘመን ያጎደለውን የሚሞላው ይህ ነው። ሥራው መኪናም ገንዘብም ብዙ አይጠይቅም። የሚያስፈልገው በቡና ለቀማ ወራት ሳይሆን ሰው ዕረፍት በሚያገኝበት ጊዜ መሄድ፣ ደብተር መያዝና አፋን ኦሮሞ አጣርቶ የሚሰማ ጆሮ ነው።